13 ወንበር ወይስ 5? ለተማሪዎች ክርክር እርዳታ እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የዜግነት ትምህርት መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ የክርክር ክበቡም በእኔ ኃላፊነት ነው። ለመጪው ዐርብ የተያዘው ርዕስ «አፍሪካ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ የሚገባትን ወንበር አግኝታለች» ይላል። ደጋፊዎቹ አፍሪካ 13 ወንበር እንዳላት ማስረጃ ይዘው መጡ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ኮሚቴው በጠቅላላው 18 ሰው ነው፤ 13ቱ አፍሪካዊ ከሆኑ ሌላውን ዓለም የት ልታስቀምጡት ነው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ጠመኔ በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከታመነ ጽሑፍ የተወሰዱ ናቸውና።

የቱ ነው ትክክል? «ፍትሐዊ የአካባቢ ውክልና» የሚባለውስ በቁጥር የተወሰነ ነው? ኢንተርኔቱ ፎቶ እንኳ ስለማይከፍትልኝ ሰነድ ከመላክ ይልቅ እዚሁ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሕግ መምህር፣ ባሕር ዳር

መምህርት፣ ሁለቱም ቡድኖች ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ነው። እኔም ጋ በየዓመቱ ይህን የሚያምታታ ተማሪ አይጠፋም።

13 የተባለው የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ነው። በ2006 ተቋቋመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 47 መንግሥታት ይቀመጡበታል፤ ወንበሩም አስቀድሞ ተሸንሽኗል፦ አፍሪካ 13፣ እስያና ፓስፊክ 13፣ ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን 8፣ ምዕራብ አውሮፓና ሌሎች 7፣ ምሥራቅ አውሮፓ 6። ኢትዮጵያም ከ2025 እስከ 2027 ከአፍሪካ ድርሻ አንዱን ይዛለች።

18 የተባለው የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ነው። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን እንዴት እንደሚፈጸም ይከታተላል። እዚህ የሚቀመጠው መንግሥት አይደለም፤ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ቃል ኪዳኑን የተቀበለ አገር ቢበዛ ሁለት ዜጎቹን ይጠቁማል፤ ተዋዋይ አገሮች ተሰብስበው በምስጢር ድምፅ ለ4 ዓመት ይመርጣሉ፤ ከአንድ አገር ከአንድ ሰው በላይ አይገባም። አንቀጽ 31 በምርጫው ጊዜ ፍትሐዊ የመልክዓ ምድር ስርጭት፣ የልዩ ልዩ ሥልጣኔዎችና የዋና ዋና የሕግ ሥርዓቶች ውክልና ከግምት ይግባ ይላል። ቁጥር ግን አላስቀመጠም።

ስለዚህ ርዕሱ ላይ «ምክር ቤት» ወይም «ኮሚቴ» ከሚሉት አንዱን አስምሩበት። አለዚያ ዐርብም በሳቅ ይፈርሳል።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ

ልጄ መምህርት፣ የሕጉ ሰው ቃሉን ተናግሯል፤ ጠመኔውን ለእኔ ስጪኝ።

የተባበሩት መንግሥታት አባላት 193 ናቸው፤ ከእነዚህ 54ቱ የአፍሪካ ናቸው። ወደ 28 በመቶ ማለት ነው። ከምክር ቤቱ 47 ወንበር 13ቱም ወደ 28 በመቶ ይሆናሉ። በዚያኛው ቤት ደጋፊዎቹ አሸንፈዋል። ያንኑ ድርሻ በ18 ብታባዢው 5 ሰውና ጥቂት ትርፍራፊ ይወጣል። ትርፍራፊውን ሰሌዳ ላይ አትጻፊው፤ ሰው በነጥብ አይከፈልም።

ነገር ግን ልጆቹ ሁለት ቦታ ላይ እንዳይሰናከሉ። አንደኛው አካፋዩ ነው። ለአንድ ኮሚቴ የሚቆጠረው የዓለም አገር ሁሉ ሳይሆን ኮሚቴው የሚከታተለውን ስምምነት የተቀበለው ብቻ ነው፤ እጩ ማቅረብ የሚችለውም እሱ ነው። የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን ስምምነት ውሰጂ። ሠራተኛ የሚጎርፍባቸው የምዕራብ አውሮፓ አገሮችና አሜሪካ አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ በዚያ ኮሚቴ ወንበር የላቸውም። ይህ ግፍ አይባልም፤ ማኅበር ያልገባ ሰው ጽዋው አልደረሰኝም ብሎ አይከስም።

ሁለተኛው «ፍትሐዊ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። እኩል ማለት ነው ወይስ በቁጥር ልክ? የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ1985 ሲቋቋም ለ18 ወንበሮቹ ቀመር ተሰጥቶታል፦ 15ቱ ለአምስቱ የአካባቢ ቡድኖች ሦስት ሦስት፣ የቀሩት 3 ደግሞ ተዋዋይ አገሮቹ እየበዙ ለሄዱ ቡድኖች። ያን ሦስት ሦስቱን ብቻ እዪው። ለጊዜው የተቀበለ ያልተቀበለ ሳንል አገሩን ሁሉ እንቁጠር፦ ምሥራቅ አውሮፓ 23 አገር ነው፤ አንዱ ወንበር ለ8 አገር ገደማ ይደርሳል። በአፍሪካ አንዱ ወንበር ለ18 አገር ነው።

ይህ ፍትሕ ነው? በእኛ በጎጃም ርስት የሚካፈለው በአባት ነበር፤ ወንድሜ ዐሥር ልጅ ስለወለደ ከእኔ ማሳ አይጨመርለትም። ድግስ ላይ ግን እንጀራው የሚቆረሰው በተቀመጠው ሰው ቁጥር ነው። ሁለቱንም ልክ ነው ብለን ኖረናል። ደጋፊና ተቃዋሚ በዚህ ላይ ቢቧደኑ ኖሮ ክርክር ይሆን ነበር።

ሹፌር፣ ደጀን

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የዓባይን በረሃ በቀን አንዴ የምወርድና የምወጣ ሰው ነኝ። ጄኔቭ ኮሚቴው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አፍሪካዊ ሆነ ፈረንጅ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?

የውኃ አባት ልጅ፣ ሜጫ

ወንድሜ ሹፌር፣ ጥያቄህ እኔም ጋ ነበረ። ስለ ጄኔቭ አላውቅም፤ ስለ ቦይ ግን ልንገርህ።

አባቴ የውኃ አባት፣ ማለትም የመስኖ ተራ አስከባሪ ነበር። ከወንዛችን በባህላዊ መንገድ በተጠለፈ ቦይ ሽንኩርትና ድንች እናለማለን። ተራ የሚያወጣው ኮሚቴ ሰባት ሰው ነበር፤ ሰባቱም ማሳቸው ከቦዩ ራስ፣ ከመጥለፊያው አጠገብ ነው። ክፉዎች አልነበሩም፤ ጉቦም አልበሉም። ለእያንዳንዱ ቤት አራት ሰዓት ብለው በእኩል ደለደሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን መጥለፊያው ከተከፈተበት ነው። ውኃው እየተንፏቀቀ፣ ስንጥቁን እየጠጣ ቦዩ ግርጌ እኛ ማሳ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ አራት ሰዓት ተባልን እንጂ ሦስትም አልደረሰን። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሲሆን «አላረማችሁትም» ይሉን ነበር።

ከግርጌ ሁለት ሰው ሲጨመር፣ አንዷ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ነበረች። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ሰዓቱን ውኃው ሲለቀቅ ነው ወይስ ሲደርስ የምትቆጥሩት?» ሰባቱም ተያዩ። አስበውት አያውቁማ። ከዚያ ወዲህ የሚቆጠረው ከደረሰበት ነው። አባቴ ራሱ የውኃ አባት ሆኖ ሳያስበው ስለቀረ እስኪሞት ድረስ በዚህ ያፍር ነበር።

ጠበቃ፣ ፍኖተ ሰላም

የውኃ አባቱ ልጅ ምስክርነት ግሩም ነው፤ እኔ ግን ለተቃዋሚው ወገን ጥቂት ስንቅ ላቀብል። በቦዩ ኮሚቴ ያቺ እመቤት የግርጌውን ሰው ወክላ ነው የገባችው። የጄኔቩ ባለሙያ ግን የአገሩ እንደራሴ አይደለም፤ ለመንግሥቱ ጥብቅና ከቆመ ሥራው ተበላሸ። ስለዚህ «የእኛ ሰው» የሚለው አነጋገር እዚያ በጥንቃቄ ይያዝ።

ኮታም የራሱ ጣጣ አለው። በ2024 ለምክር ቤቱ ምርጫ አፍሪካ ለ5 ወንበር 5 እጩ ብቻ አቀረበች፤ ኢትዮጵያ የገባችው ያኔ ነው። ባለቀ ዝርዝር ላይ ድምፅ መስጠት ምርጫ ነው ወይ? ልጆቹ ይከራከሩበት። ጠቅላላ ጉባኤው በ2009 ለኮሚቴዎቹም በየአካባቢው ኮታ ማበጀትን እንዲያስቡበት ተዋዋይ አገሮችን ሲያበረታታ የምዕራብ አገሮች ተቃውመው ነበር፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ችሎታ ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ያለ ኮታም ቢሆን መንግሥታት ድምፅ በድምፅ እየተለዋወጡ ስለሚመርጡ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የበለጠ ዐዋቂው አይደለም።

ማንም የማያነሣውን ደግሞ እኔ ላንሣ፤ ገንዘብን። ለኮሚቴዎቹ አባላት ይከፈል የነበረው አበል ከ2002 ጀምሮ በዓመት 1 ዶላር ሆኗል። አዎ፣ አንድ። የጉዞና የውሎ ወጪ ይሸፈናል፤ ደመወዝ የለም። የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአራት ሳምንት ያህል ይሰበሰባል። ከፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ሦስት ወር የጠፋ ጠበቃ ሲመለስ ደንበኛ ያገኛል? ይህን የሚችለው ደመወዙን ሳያቋርጥ የሚያሰናብተው ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ያለው ነው። ወንበሩ ለአፍሪካ ቢመደብም የሚቀመጥበት ሰው ከየትኛው የአፍሪካ ሕይወት እንደሚመጣ ይህ አስቀድሞ ይወስነዋል።

ቢሆንም መንገዱ ዝግ አይደለም። ኢትዮጵያዊው የሕግ ምሁር ቢንያም ዳዊት መዝሙር ከ2015 እስከ 2017 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ የአፍሪካንም የሕፃናት መብት ኮሚቴ መርተዋል።

ወንድማችን ሹፌሩ ላነሡት፦ የሰብአዊ መብት ኮሚቴው ኢትዮጵያን ባቀረበችው ሪፖርት ላይ በ2011 እና በ2022 መርምሯታል፤ ጥያቄ የሚጠይቁት እነዚያ 18 ሰዎች ናቸው። በግል አቤት እንዳይሉ ግን አገራችን ለዚያ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አልተቀበለችም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ርዕሱን ዛሬ ጠዋት ቀየርሁት፦ «በሰብአዊ መብት ኮሚቴዎች ወንበር ለአካባቢዎች በእኩል ሳይሆን በአገር ቁጥር ይደልደል።» ርስቱን ለተቃዋሚው፣ ድግሱን ለደጋፊው ሰጥቻለሁ፤ የቦዩን ታሪክ ሁለቱም ስለፈለጉት በዕጣ ለየሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ግን አልለቀቀችኝም፦ በአፍሪካ ውስጥስ ምሥራቁና ምዕራቡ እንዴት ይካፈላሉ ትላለች።

ጠበቃ፣ ፍኖተ ሰላም

ጎበዝ ልጅ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መቀመጫው ባንጁል፣ ጋምቢያ ነው። አባላቱ 11 ናቸው፤ ከአንድ አገር ሁለት አይገቡም፤ ኅብረቱ አህጉሩን በአምስት አካባቢ ከፍሎ ይመለከታል።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ

11 ለ5 እኩል አይካፈልም። ለልጅቱ ንገሪያት፤ የሚተርፈው አንድ ወንበር ለማን ይሁን ትበል፣ ምክንያቷንም በወረቀት ጽፋ ታምጣ።