12 ቮልትን ወደ 310 ቮልት ማሳደግ፦ ሞስፌት እየፈጀብኝ ነው

የደሴው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መብራት ሲጠፋ የእናቴን ቴሌቪዥን ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ላሠራላት ፈልጌ ነው። 60 ዋት ነው። ከፍቼ ሳየው፣ ገና መግቢያው ላይ 220ውን ወደ 310 ቮልት ዲሲ የሚለውጡ አራት ዳዮዶች አሉ። ታዲያ ለምን ቀጥታ 310 ዲሲ አልሰጠውም አልኩ።

ቡስት (ቮልቴጅ የሚያሳድግ ሰርኪት) ሠራሁ። አንድ ኮይል፣ አንድ አይአርኤፍዜድ 44 ኤን ሞስፌት (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ)፣ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ሞስፌቱን የሚያዝዝ አርዱይኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ)። እስከ 50 ቮልት በሰላም ወጣ። ከዚያ በላይ ወይ ፍንክች። ዱቲውን (ሞስፌቱ ተከፍቶ የሚቆይበትን የጊዜ ድርሻ) ስጨምርለት ሞስፌቱ ጧ! ይኼ ሦስተኛው ነው። እናቴ «ቤቱን ሳታቃጥል ተው» እያለች ነው። ምን አጠፋሁ?

አቋራጭ፦
ኢንቨርተር ገዝተህ ተገላገል ባክህ።

የደሴው ልጅ፦
እሱማ ጠፍቶኝ አይደለም። መሥራቱን መቻል ፈልጌ ነው።

ጋሽ ቴስተር፦
ልጄ፣ ሞስፌቱ ጥፋት የለበትም። ቡስት ላይ ሞስፌቱ ሲዘጋ ሙሉው የመውጫ ቮልቴጅ እሱ ላይ ያርፋል። ያንተው የሚችለው 55 ቮልት ነው። 50 አካባቢ የቆመብህም ለዚህ ነው፤ ትርፉን ኃይል እሱ ራሱ በሙቀት እየበላው ነበር።

600 ቮልት የሚችል ላስገባ እንዳትል። 12ን 310 ለማድረግ ዱቲው 96 በመቶ መሆን አለበት። ኮይሉ ያጠራቀመውን ለማራገፍ የሚተርፈው 4 በመቶ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ሥራ ላይ ግን የሽቦውና የሞስፌቱ ሬዚስታንስ ይጨርሰዋል።

ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ከሞተ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ትልቁን ፌራይት (የትራንስፎርመሩን ጥቁር እምብርት) አውጣ። በደረቁ ብትጎትተው ይሰበራል። 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ቀቅለው፣ ሙጫው ይላላል። (ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ድስቶቿን ትቆልፍብኛለች።) በባትሪው በኩል 3 ዙር እና 3 ዙር ጠቅልል፣ መሃሉ ወደ ፖዘቲቭ ይሂድ። ሙቀት የሚችል ናስትሮ ደራርብና በላዩ 96 ዙር። ሁለት ሞስፌቶች ተራ በተራ ይከፍታሉ፣ በ50 ኪሎኸርዝ። እያንዳንዱ የሚያየው የባትሪውን እጥፍ፣ 29 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ እነዚያው 44ቶች ይበቁሃል።

አርዱይኖውን ተወው። የሱ 5 ቮልት ጌታቸው (የማዘዣ እግራቸው) ላይ ሲደርስ በደንብ አይከፍታቸውም። ኤስጂ 3525 የሚባለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ከ12 ቮልት ይነዳቸዋል። ከመውጫው ወደ እሱ ፊድባክ (የመውጫውን ቮልቴጅ የሚነግረው መስመር) መልስ። አለበለዚያ ባትሪው ሞልቶ 14.4 ሲሆን መውጫው ወደ 460 ይጠጋል፣ 400 ቮልት የሚለው ካፓሲተርህም ይፈነዳል። ከመውጫው ዳዮዶች በኋላ ኢንዳክተር (ኮይል) አትርሳ።

ስታጠፋው እንዲያራግፈው ካፓሲተሩ ላይ 220 ኪሎኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር በየደው። እኔ አንዴ «ባዶ ነው» ብዬ ነክቼ ከነወንበሬ ወድቄያለሁ። ካጠፋህ በኋላም በቴስተር ሳትለካ እጅህን እንዳታስገባ።

ፌራይት፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። 1ኤን4007 ለ50 ኸርዝ እንጂ ለ50 ኪሎኸርዝ አይሆንም፣ ይግላል። አራት ፈጣን ዩኤፍ 4007 አድርግ። ባትሪው ላይ 10 አምፔር ፊውዝ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አትሰካ፤ ሁለት ባለ 60 ሻማ አምፖል በተከታታይ አስረህ ሞክር። የድሮዎቹን፣ የሚግሉትን።

የደሴው ልጅ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁለቱም አምፖሎች በሩ! 308 ቮልት። ሞስፌቶቹ ለብ ብለዋል እንጂ አልጋሉም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቴሌቪዥኑን ግን እናቴ እስካሁን አላስነካ ብላኛለች።