የ10ኛ ክፍል ልጆች "ባች" ናቸው ወይስ አይደሉም? (እና የጠፉትን ሰዎች ከየት ነው የምናገኘው?)

የባቡር ጣቢያ ልጅ፦

ሰላም የሰፈሬ ልጆች፣ እዚህ የአቃቂ ሰው እንደሚበዛ ስለማውቅ ነው እዚህ የጠየቅኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኛ 12ኛን የጨረስነው በ2002 ነው፣ አሁን ባለፈው ክረምት ጥቂት ሆነን ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትንና "የ2002 ባች" አልነው፣ አንዱ አንዱን አድ ሲያደርግ ሳናስበው ከመቶ አለፍን። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፍ ሁላ አልነበረም፣ ሌሊት ቮይስ ይላካል፣ የተቀዳደደ ፎቶ ይለጠፋል፣ ማን ከማን ፎንቃ ይዞት እንደነበር ይዘከዘካል። ያ ሁሌ አርፍዶ እየመጣ በር ላይ ሲንበረከክ የሚያረፍድ ልጅ አሁን የሆነ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆኖ አርፋጅ ያንበረክካል አሉኝ፣ እንደዛ ቀን ስቄ አላውቅም።

ጭቅጭቁ የመጣው አንዷ ልጅ "እነ እከሌንም አስገቧቸው እንጂ" ብላ 9ኛ እና 10ኛ አብረውን ተምረው ፕሪፓራቶሪ (11ኛና 12ኛ) ያልገቡ ልጆችን ስም ስትጽፍ ነው። ግማሹ እሺ አለ፣ ግማሹ ደግሞ "ባች ማለት አብሮ የጨረሰ ነው፣ እንደዛ ከሆነማ ኬጂም አብረን ነበርን" አለ። አንዱ ፖል እንክፈት ብሎ ከፈተ፣ አሁን ድምፅ እየተሰጠ ነው።

ለማታውቁት ልጆች፣ ያኔ 10ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፣ ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያልመጣለት ወይ ቴክኒክና ሙያ ወይ ስራ ወይ ዐረብ ሀገር። ከ2012 ወዲህ ፈተናው ስለቀረ አሁን ያሉት ልጆች ይሄ ጣጣ አይገባቸውም፣ እነሱ ደግሞ 12ኛን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው እየተፈተኑ የራሳቸውን ጣጣ ያያሉ። እኛ 9ኛ የገባነው 1999 ነው፣ 10ኛ ስንደርስ ሚሊኒየሙ ሆነ፣ አገር ሲጨፍር እኛ በዛው ዓመት ተፈተንን። የኔ ሀሳብ ይግቡ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠው፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሀዲዱ ላይ ማን ሳይወድቅ ይሄዳል እያልን እየተወዳደርን ሰፈር የምንደርሰው ጓደኛዬ 10ኛ ላይ ነው የቀረው። 11ኛ ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ግን ግማሾቹን ስማቸውንም አላውቀውም፣ እነሱ "ባች" ሆነው እሱ ሲቀር ትንሽ አይከብድም?

ሌላው ጥያቄዬ፣ ብዙዎቹን የምናገኝበት መንገድ ጠፋን። ስልክ ቀይረዋል፣ ሰፈር ፈርሶ ወደ ቱሉ ዲምቱ ገላን ኮዬ ፈጬ ተበትነዋል፣ ፌስቡክ ላይ ሲፈለጉ የሉም። እና ደግሞ አንድ ቀን በአካል እንገናኝ ተብሏል፣ መቼ ቢሆን ይሻላል? ቦታውንም ከተማ ያሉት ቦሌ ይሁን ይላሉ፣ እኛ አቃቂ ነው የምንለው። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ስለ አቃቂ ማውራት እኔ አይገባኝም፣ ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ ያመጣቸው የለ እንዴ፣ ከዛ ታክሲ ነው።

ጠመኔ፦

አረ ይሄማ ጥያቄም አይደል፣ ፕላዝማ አብሮ ያየ ሁሉ ባች ነው በቃ 😂

ፕላዝማ ማለት በየክፍሉ ተሰቅሎ ትምህርት የሚሰጠን ቲቪ ነው፣ 1997 ላይ ነው የገባው፣ ስለዚህ እናንተ ስትገቡ ትንሽ ለምዶ ነበር፣ እኛ ግን የመጀመሪያዎቹ ነን። የክፍሉ አስተማሪ ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይሰጥና ቁልፉን ይከፍታል፣ ከዛ ሰውየው በእንግሊዝኛ መንጎድ ነው፣ ደብተር ሳንገልጥ ሁለተኛው ርዕስ ላይ ደርሷል። ከሁሉ የሚገርመኝ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሰዎች እርስ በርስ እንተያያለን፣ አንድም ሰው አልመለሰም፣ እሱ ግን "ቬሪ ጉድ" ብሎ ያልፋል። በሕይወቴ እንደሱ ያመነብኝ ሰው የለም። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ የሚሰማው ጩኸት ዋልያዎቹ ጎል ያገቡ ነው የሚመስለው፣ መብራት በፈረቃ በሆነ ጊዜማ የኛ ፈረቃ የጠፋ ቀን ፊዚክስ አይደርሰንም እያልን በፕሮግራም ነበር የምንደሰተው። አስተማሪው ግን ያሳዝን ነበር፣ መብራቱ ሲጠፋ ከየት እንደሚቀጥል አያውቅም፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ሰውየው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው።

እና ይሄን አብሮህ ያሳለፈ ሰው ነጥብ አልመጣለትም ተብሎ ፖል ይከፈትበታል? ፖሉን አጥፉት ባክህ፣ አድሚኑ ማነው?

ከዱባይ፦

እኔ ከነዛ "አልጨረሱም" ከምትሏቸው ውስጥ ነኝ፣ የናንተ ግሩፕ ልጅ ባልሆንም (በሁለት ዓመት እቀድማችኋለሁ) እዛው አቃቂ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ከኛ በኩል ያለውንም ስሙት።

የኛም ልጆች ግሩፕ ከፍተው እኔን አስገቡኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። ገና ሰላም ከማለቴ "አንቺ የት ጨረስሽ?" አለ አንዱ፣ ሌላው "አሁን ምን ላይ ነሽ?" አለ፣ ሌላዋ የማስተርስ ምርቃቷን ፎቶ ለቀቀች፣ ከስሩ እንኳን ደስ አለሽ እንኳን ደስ አለሽ ይዘንባል። ምቀኛ ሆኜ አይደለም፣ ለሷ ደስ ብሎኛል፣ ልጅቷ ሰቃይ ነበረች ይገባታል። ግን እኔ እዛ ውስጥ ምን ብዬ ልጻፍ? ቀን ሙሉ የሰው ቤት ስሰራ ውዬ ማታ ስልኬን ስከፍት የሰው ሲቪ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ሚዩት አደረግኩት፣ ከዛ ሌፍት ብዬ ወጣሁ፣ መውጣቴን ያወቀም ሰው ያለ አይመስለኝም።

የተመለስኩት እንዴት መሰላችሁ፣ የአንዷ ጓደኛችን እናት አረፉና አንድ ልጅ በስልክ ደወለልኝ። ግሩፕ ላይ አልጻፈም፣ ደወለልኝ። "የእከሊት እማዬ እኮ አረፉ፣ ያቺ ሽልጦ የምታበላን፣ አንቺ ትዝ ይልሽ እንደሆን" አለኝ። እንዴት አይለኝ! ቤታቸው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለነበር የከሰዓት ፈረቃ ስንሆን መክሰስ እዛ ነበር የምንበላው። ያን ቀን ትንሽ ብርም ላክሁ፣ ከሷም ጋር በስልክ ብዙ አለቀስን፣ ከዛ በኋላ ግሩፑ ውስጥ አለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ የባቡር ጣቢያ ልጅ፣ "ይግቡ አይግቡ" ብሎ ድምፅ መስጠቱ ራሱ ነው ነውሩ፣ ያ ጓደኛህ ነገ ገብቶ ወደ ላይ ስክሮል ቢያደርግ ስንት ሰው "አይግባ" እንዳለ በቁጥር ያየዋል። ፖሉን አጥፉትና ለያንዳንዱ ሰው ደውሉለት፣ ሊንክ ብቻ አትላኩ። ሲገባ ደግሞ ምን ላይ ነህ ብላችሁ አትቀበሉት፣ የሚያወራ ሰው ራሱ ያወራል።

የባቡር ጣቢያ ልጅ፦

@ከዱባይ እህቴ እውነትሽን ነው፣ የስክሮሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለአድሚኑ ደውዬ ፖሉ ጠፍቷል አሁን። ያንን ዴስክሜቴን ግን እስካሁን አላገኘሁትም፣ አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሰሩት፣ ቤታቸውም ከፈረሱት ውስጥ ነው።

የሂሳብ መምህር፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እዛው አካባቢ ለብዙ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁን ሳላሳልፋችሁ ቀርቼ ይሆናል።

ስለ ፍለጋው ልንገራችሁ። ፌስቡኩን ተዉትና በእድር ፈልጉ። ሰው ኮንዶሚኒየም ገባ ሰፈሩ ፈረሰ ብሎ የወላጆቹን እድር አይተውም፣ ከገላንም ከቱሉ ዲምቱም እየመጣ ይከፍላል፣ ቢያንስ ልጅ ይልካል። የእድሩን ጸሐፊ ሄዳችሁ "የእነ አቶ እገሌ ቤተሰብ የት ገቡ?" ብትሉት መዝገቡን ገልጦ ያይላችኋል፣ ስልክም ይዟል፣ ወይ ደግሞ ጡሩንባ የሚነፋውን ሰውዬ ጠይቁት፣ እሱ የማያውቀው ቤት የለም። ስልኩን በቀጥታ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ ትክክልም ናቸው፣ የናንተን ስልክ ትታችሁ ብትመጡ ግን ያደርሱላችኋል። የፋብሪካ ሰራተኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ የአባቱ የድሮ ባልደረቦች አብረው ቡና የሚጠጡበት ቦታ አይጠፋም።

ስሙን በሙሉ ለረሳችሁት ትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል የየሴክሽኑ ሮስተር አለ፣ የተማሪው ስም እስከ አያቱ ተጽፎበታል። ሴቶቹም ቢያገቡ ስማቸውን ስለማይቀይሩ በአባታቸው ስም ነው የምታገኟቸው፣ ፌስቡክ ላይ የጠፉባችሁ ያገቡ ስለሆኑ አይደለም፣ "የማርያም ልጅ" "ሀበሻዊቷ" እያሉ ስለሚጠሩ ነው። ከሮስተሩ ማርካችሁን እንዳታዩ ብቻ።

ሌላ አንድ ነገር። ባች ስትሉ የጨረሳችሁበትን ዓመት ከምትይዙ የገባችሁበትን ለምን አትይዙም? "የ1999 ገቢዎች" በሉት፣ 10ኛ ላይ የቀረም፣ 11ኛ ላይ ሰፈር የቀየረም፣ አንድ ዓመት የደገመም ሁሉ ይገባበታል። መምህራንን የምትጠሩ ከሆነም መድረክ ላይ ደርድራችሁ ንግግር አታስደርጉን፣ ከልጆቹ ጋር ቀላቅላችሁ አስቀምጡን። ብዙዎቻችን ጡረታ ወጥተናል፣ የታክሲ ብር ራሱ የሚከብደው መምህር አለ፣ ይህን ሳታስነግሩ የምታመቻቹበት መንገድ ይኖራችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጠመኔ፦

ቲቸር 🙏🙏 "የ1999 ገቢዎች" አሪፍ ነው። እኔም ለኛዎቹ እሰርቀዋለሁ።

ሳሪስ 58፦

እሺ ሁሉም ጥሩ ነው፣ እኔ ግን 11ኛ ላይ ከሳሪስ የመጣሁ ነኝ፣ ያ የባቡር ጣቢያ ልጅ "ስማቸውንም አላውቀውም" ያለው እኔን ነው 😂😂 ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። አሁን 1999 አልገባችሁም ተብሎ ልንወጣ ነው? ፖል ይከፈትልኝ!

ስለ ቀኑ ላውራ እስቲ ይሄን እንኳን ልጥቀም። ጥር አትበሉ፣ ጥር ላይ ሰው ሁሉ ሰርግ አለው፣ ቅዳሜና እሁዱ አልቋል። ከዛ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ከፋሲካ በኋላም ሰርግ ነው፣ ክረምት ደግሞ የአቃቂን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ይጀምራል። ስለዚህ የቀረው ጥቅምት ነው፣ መስቀል አልፏል፣ ዝናቡ አቁሟል፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የደብተር ወጪም ትንሽ ረገብ ብሏል፣ እሁድ ስለሆነ ጾም የለም። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ እንዴ። ለሙስሊም ልጆቻችን ለብቻ ይታረድ፣ በኛ ጊዜ የነበረው ግብዣ ላይ ሁሌ ለስላሳ ብቻ ይዘው የሚቀመጡት ነገር ደስ አይልም፣ ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ብሩን ደግሞ በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ። ሰውየው ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ በኋላ ሂሳብ ሲጠየቅ የሚከፋው እሱ ራሱ ነው። ባንክ በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ ክፈቱ፣ የገባው የወጣው በየጊዜው ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። እና "ተቸግሬ ነው ቶሎ ብር ላክልኝ" የሚል ሜሴጅ ከክፍል ጓደኛችሁ ከመጣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ፣ ሀክ የተደረገ ቴሌግራም በዝቷል፣ የኛ ሰው ደግሞ ናፍቆት ላይ እያለ ቶሎ ነው የሚልከው።

የባቡር ጣቢያ ልጅ፦

@ሳሪስ 58 ውይ አንተ ነህ እንዴ? ይቅርታ ጀለስ፣ ስምህን አሁንም አላውቀውም ግን ድምፅህን አውቀዋለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ቮይስ የምትልከው አንተ ነህ።

ስሙ "የ1999 ገቢዎችና እንግዶቻቸው" ይሁን ተባለ፣ አንተ ከእንግዶቹ ነህ። ጥቅምት ሶስተኛው እሁድ፣ አቃቂ፣ ቦሌዎቹ ትንሽ አጉረምርመው እሺ ብለዋል። በሬው አንተ ላይ ነው፣ ሀሳቡን ያመጣ ይገዛል። እኔ ነገ ጠዋት የእድሩን ጸሐፊ ላናግረው እሄዳለሁ፣ ከናንተ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሰፈርን እድር የሚያውቅ ካለ ኢንቦክስ በሉኝ።