መጨነቅ የእምነት ማነስ ነው?

ጥያቄ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ዘንድሮ እወስዳለሁ። ፈተናው ከተቃረበ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ አድራለሁ፤ ልቤ በድንገት ይመታል፤ አንድ ገጽ አንብቤ ሳልጨርስ «ሃምሳ ከመቶ ባላመጣስ? ቤተሰቦቼን በምን ዓይን አያቸዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ይወስደኛል። በግቢ ጉባኤ አገለግላለሁ፤ ጸሎቴንም አላቋረጥሁም። ይህንን ለአንዲት ታላቅ እህታችን ባካፍላት «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን የፊልጵስዩስ መልእክት ጠቅሳ እምነቴ ስለጎደለ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ከፈተናው ይልቅ መጨነቄ ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር። እየጸለዩ መጨነቅ አለን? ባለሙያ ማማከርስ በእግዚአብሔር አለመታመን ይሆንብኛልን?

ምላሽ (የሥነ ልቦና ባለሙያ)

እህቴ፣ ሃይማኖት ጭንቀትን ያበርዳል ወይስ ያባብሳል ተብሎ በጥቅሉ ቢጠየቅ አንድ መልስ አይገኝም፤ ሰውየው በጭንቁ ሰዓት ፈጣሪውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስበው ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ፓርጋመንት በመከራ ጊዜ «አምላክ ከእኔ ጋር ነው፤ ያግዘኛል» በሚል እምነት መጽናናትንና «ስለተቀጣሁ ነው፤ ትቶኛል» እያሉ መብሰልሰልን ለይቶ አጥንቷል። የኋለኛው ከበረታ ጭንቀትና ድባቴ ጋር አብሮ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ እርግጥ ነው፣ የተጨነቀ ሰው ራሱን እንደተቀጣ መቁጠሩም ስለማይቀር የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ቀላል አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ «እምነትሽ ጎድሏል» የሚለው ቃል በቅንነት ቢነገርም ወደዚያ ወደሚጎዳው አስተሳሰብ የሚገፋ በመሆኑ አልቀበለውም።

ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚሉት ቢያንስ ለ6 ወር በአብዛኞቹ ቀናት የዘለቀውን ጭንቀት ነው። የአንቺ በፈተናው የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን እንቅልፍሽንና ጥናትሽን ከነሣሽ ያን ያህል ጊዜ መጠበቅ አይገባሽምና በዩኒቨርሲቲሽ የምክር አገልግሎት ካለ አሁኑኑ ሂጂ።

ምላሽ (የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር)

ልጄ፣ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ሲሆን፣ ወዲያው ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞትን ለመነ። መልአኩ «እምነትህ ወዴት ሄደ?» አላለውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦለት «ተነሥና ብላ» አለው እንጂ። በላ፤ ጠጣ፤ ደግሞም ተኛ። ሐዋርያው ጳውሎስም «በአንዳች አትጨነቁ» ያለው በእስር ሆኖ ነው፤ በዚያው ቃል ልመናችንን በጸሎት እንድናስታውቅ ማዘዙ የሚያስጨንቅ ነገር እንደሚገጥመን ስላወቀ ይመስለኛል። ስለ ሕክምናው ደግሞ፣ ብዙ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጠበል ይሄድ በነበረበት ወቅት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕክምና ሲሆን ትምህርቱ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ምላሽ (ሙስሊም እህት)

በእኛ ዘንድ ደግሞ ጭንቀቱ ራሱ የአምልኮ መልክ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ወስዋስ፣ ማለትም የማይለቅ ጥርጣሬ፣ የያዘው ወጣት ውዱኡ (ከሶላት በፊት የሚታጠበው ትጥበት) የተበላሸ እየመሰለው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሶላቱንም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የሚያየው ሰው ግን ትጋት ይመስለዋል። ዑለማዎቻችን እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ እንደማይሻር ስለሚያስተምሩ፣ እንዲህ ያለውን ሰው «አትድገም፤ እለፈው» ይሉታል። በሚደጋገም ሐሳብና ድርጊት የሚሠቃየውን ሰው የሚያክሙ ባለሙያዎችም የሚያሠለጥኑት ድርጊቱን ሳይደግም ፍርሃቱን ታግሦ እንዲያሳልፈው ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ጸሎትሽን አንድ ጊዜ አድርሰሽ «በደንብ አልጸለይሁም» በሚል ስጋት ብቻ እየደገምሽው ከሆነ ይህንንም ለባለሙያው ንገሪው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ሌሊት የምደግመው አለ። ለንስሐ አባቴስ ልንገራቸው?

መምህሩ

አዎን፣ ንገሪያቸው። ነገር ግን እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ ሕመም ንገሪያቸው፤ ወደ ባለሙያ ልትሄጂ መሆኑንም አትደብቂያቸው፤ የጸሎትሽንና የስግደትሽን መጠን እንደ አቅምሽ እንዲወስኑልሽ ይረዳቸዋል።