ማዮማ አለብኝ፤ ማሕፀኔን ሳላስወጣ መታከም እችላለሁ?

ጥያቄ (መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

እንደምን ሰነበታችሁ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ እስካሁን ልጅ አልወለድንም። ላለፉት ሁለት ዓመታት የወር አበባዬ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ይቆያል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሁለት ሞዴስ ደርቤም ቢሆን ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ቆሜ ማስተማር አልችልም። በእነዚያ ቀናት ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ እገባለሁ፤ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን በጠዋት ተማሪዎቹ ሳይመጡ ጽፌ እጨርሳለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ መቆም ስለምፈራ ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ በኃይል ይመታል። ከዝናብ በኋላ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣ ደግሞ ምራቄ ይሞላል፤ አንሥቼ ልበላው ያምረኛል፤ ይህን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው ወር በአልትራሳውንድ ስታይ ሦስት ማዮማ፣ ማለትም የማሕፀን ዕጢ፣ ተገኘብኝ፤ ትልቁ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የደሜን መጠን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኔ ወርዶ 7.9 ሆነ። ያየኝ ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ «ማሕፀኑ ቢወጣ ይሻላል፤ ዕጢው ብቻ ቢወጣ ተመልሶ ይመጣል» አለኝ፤ ልጅ እንዳልወለድኩ ስነግረው ሌላ ነገር ሳይጨምር ቀጠሮ ጻፈልኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ። የሕክምና ዕውቀት ያላችሁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እህቶች፣ ማሕፀንን ሳያወጡ ማዮማን ማከም የሚቻል ከሆነ እንዴት እንደሆነ፣ ለእኔ ዓይነቷ ሴትስ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። ሳልመረምርዎት ውሳኔ ልሰጥ አልችልም፤ ይሁን እንጂ በጻፉት ላይ ተመሥርቼ ከሐኪምዎ ጋር በደንብ እንዲነጋገሩ የሚረዳዎትን ላስረዳ።

ማዮማ ከማሕፀን ጡንቻ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በአሜሪካ የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ ይኖራቸዋል፤ ብዙዎቹም ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ማዮማ ተገኘ ማለት ብቻውን ማሕፀን ይውጣ የሚያሰኝ ምክንያት አይሆንም። በማዮማ ስም የሚደበቅ ካንሰር ጨርሶ የለም ባይባልም በእርስዎ ዕድሜ እጅግ ያልተለመደ ነው።

ሕክምናውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ማዮማው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ወደ ማሕፀን ውስጠኛው ክፍተት የገባ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ እንኳ ብዙ ደም ሊያፈስና ጽንስ እንዳይቀመጥ ሊያደርግ ይችላል፤ ደግነቱ እንዲህ ያለው፣ በጣም ትልቅ ካልሆነ፣ ሆድ ሳይቀደድ በማሕፀን በር በሚገባ ካሜራ፣ ማለትም በሂስተሮስኮፒ ተቆርጦ ይወጣል። በግድግዳው ውስጥ ያለው እንደ መጠኑ ደም ያበዛል፤ ክፍተቱን የሚያጣምም ከሆነ እርግዝናንም ያውካል። ወደ ውጭ ያደገው ደግሞ ፊኛንና አንጀትን ይጫን እንደሆነ እንጂ ብዙ ጊዜ ደም አያፈስም። በአልትራሳውንድ ወረቀትዎ ላይ የሦስቱም ቦታ ተለይቶ ካልተጻፈ አሁን መጠየቅ ያለብዎት ይህን ነው። «ክፍተቱን ነክቷል ወይስ አልነካም?» ይበሉ። በአልትራሳውንድ ካልታወቀ በማሕፀን ውስጥ ጥቂት የጨው ውሃ አስገብቶ ማየት ወይም ኤምአርአይ ማንሣት ይቻላል።

ከማዮማው በፊት ግን የሚያሳስበኝ ደምዎ ነው። የአፈር አምሮት ያልተለመደ ወይም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የብረት ማዕድን እጥረት የታወቀ ምልክት ነው፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት። በ7.9 ሄሞግሎቢን ወደ ታቀደ ቀዶ ሕክምና መግባት አይመከርም። ሐኪም የሚያዝልዎትን የብረት እንክብል በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱ፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚይዙት ከእንክብሉም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቋቸው። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ማፍላት ልማዳችን በመሆኑ ይህን የምደጋግመው ለእያንዳንዷ ታካሚዬ ነው። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ። እንክብሉ ሆድዎን ካስቸገረ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ። ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒትም ፍሰቱን በግልጽ ይቀንሳል፤ ደም የመርጋት ችግር ላለባት ሴት ግን አይሰጥም።

በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን ያለበት ሉፕ የደሙን መጠን በጣም ይቀንሳል፤ የወሊድ መከላከያ ስለሆነ ግን ልጅ ለሚፈልግ አይሆንም። በየወሩ የሚሰጡ መርፌዎች ማረጥን ወደሚመስል ሁኔታ በመክተት ማዮማውን ያሟሽሹታል፤ ሲቋረጡ ተመልሶ ስለሚያድግ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም አጥንት ስለሚያሳሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀምባቸው ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሦስት ወር ያህል ደሙ እንዲያገግም ነው።

ልጅ ለምትፈልግ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ላለባት ሴት ቀዳሚው ምርጫ ማዮመክቶሚ ነው፤ ይኸውም ማዮማውን ብቻ ፈልቅቆ አውጥቶ ማሕፀኑን መልሶ መስፋት ማለት ነው። ሐኪሙ «ተመልሶ ይመጣል» ያለው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አዲስ ማዮማ ሊበቅል ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ የሚገኙት ዓመታት አርግዞ ለመውለድ የሚበቁላት ሴት ብዙ ናት፤ እርስዎም የሚፈልጉት እነዚያን ዓመታት ነው። ሌላ ሐኪም ማማከር መብትዎ ነው፤ የመጀመሪያውን ሐኪም መድፈር ተደርጎ መታየት የለበትም።

መልስ (የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዳማ)

እህቴ፣ ያቺን የኮሪደር ወንበር አውቃታለሁ። እኔም ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ33 ዓመቴ፣ አንድ ሌላ ቦታ «ይውጣ» ተብዬ ነበር። አክስቴ እጄን ይዛ ሌላ ስፔሻሊስት ዘንድ ወሰደችኝና ሰባት ማዮማ በማዮመክቶሚ ወጣልኝ።

የሚሆነውን ቀድሞ ማወቅ ይረዳሻልና ልንገርሽ። ብዙ ደም ሊፈስ ስለሚችል አስቀድሞ ደም እንዲዘጋጅ ተጠየቅን፤ ባለቤቴና ሁለት ወንድሞቼ ሰጡ። የተቀደድኩት ልክ እንደ ቄሳሪያን ከታች በኩል በአግድም ነው። ከመግባቴ በፊት የስምምነት ወረቀት ሲሰጡኝ በቀዶ ሕክምናው መሐል ደሙ አልቆም ካለ ሕይወቴን ለማትረፍ ማሕፀኑ ሊወጣ እንደሚችል የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሐኪሟን አስጠርቼ ስጠይቃት ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ መሆኑን፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ከመሞከሩ በፊትም እንደማታደርገው ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ ከዚያ በኋላ ፈረምኩ። አንቺም ሳታነቢ አትፈርሚ።

በማግሥቱ የወጣውን አሳየችኝ። ነጭ፣ ጠንካራ፣ የተላጠ ድንች የሚመስል ነው፤ ትልቁ የብርቱካን ያህላል። ይህን ሁሉ ተሸክሜ ቤት ስጠርግ፣ ውሃ ስቀዳ እንደነበር ሳስብ ለራሴ አዘንኩ። በአራተኛው ቀን ወጣሁ፤ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አላነሣሁም፤ እንጀራ የሚጋግርልኝ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር፤ አንቺም ከአሁኑ ሰው አዘጋጂ። ለማርገዝ ስድስት ወር ጠብቂ ተባልኩ፤ ያረገዝኩት በዓመቱ ነው። ስፌቱ በምጥ ጊዜ እንዳይተረተር ተብሎ ቀኔ ሳይደርስ በቄሳሪያን ወለድኩ። ዛሬ አንዲት ትንሽ ማዮማ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ ተመልሳ አለች፤ ምንም አላደረገችኝም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እታያለሁ።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ ደግሞ የተለየ መንገድ ስለተከተልኩ ልጨምር፤ ምናልባት ሌላ አንባቢ ይጠቀምበታል። 45 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሦስተኛ አልፈልግም፤ ማሕፀኔን ግን ማስወጣት አልፈለግሁም። የተደረገልኝ ኢምቦላይዜሽን ይባላል። ሆድ አይቀደድም፤ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ገብቶ በኤክስሬይ እየታየ ማሕፀንን ወደሚመግቡት ሁለት የደም ሥሮች ይደርሳል፤ እዚያም እንደ አሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች ይለቀቃሉ፤ ደም ያጣው ማዮማ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

ዘዴውን ለማዮማ ሕክምና በ1995 ያስተዋወቁት በፓሪስ ራቪና የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እዚህ አካባቢ ብዙ ሴት የሰማችው የቀድሞዋ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ በ2004 እዚሁ ዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚህ ዘዴ ስትታከም ነው። እኔም ነቅቼ፣ በማደንዘዣና በማረጋጊያ መድኃኒት ብቻ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ተጠናቀቀልኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ሕመም ግን እንደ ምጥ ነው፤ ማንም እንዳያቃልልባችሁ። ለአንድ ሳምንት ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ነበረኝ። ደሙ የተስተካከለው በሦስተኛው ወር ነው፤ በስድስተኛው ወር ትልቁ ማዮማዬ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ይህን ሕክምና ያገኙትን ሴቶች ለአሥር ዓመት ተከታትሎ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ማሕፀናቸው እንዳለ መቆየቱን አሳይቷል፤ የቀሩት ግን ቆይቶም ቢሆን አስወጥተዋል።

መምህርት እህቴ፣ ለአንቺ ግን አልመርጠውም። ከኢምቦላይዜሽን በኋላ ያረገዙና የወለዱ አሉ፤ ሆኖም ልጅ ለምትፈልግ ሴት የእኔ ሐኪሞችም በቅድሚያ የሚመክሩት ማዮመክቶሚን ነው። በብሪታንያ 254 ሴቶችን ያካተተና በ2020 የታተመ ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር ሁለቱም ወገን ተሽሏቸዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ማዮመክቶሚ የተደረገላቸው በኑሯቸው የተሻለ እርካታ ነበራቸው። በተጨማሪም ኢምቦላይዜሽን በሁሉም ሆስፒታል የሚገኝ አይደለም፤ በዚህ ሙያ የሠለጠነ የራዲዮሎጂ ሐኪምና መሣሪያ ይጠይቃል። ማዮማን በድምፅ ሞገድ ከውጭ የሚያቃጥል ሕክምናም አለ፤ እሱም የሚሆነው ለተመረጡ ሴቶች ነው።

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ከሐዋሳ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ ስለማየው ልቤን ያቆስለዋል። ማዮማን የሚያሟሽሽ ቅጠል ተብሎ የሚሸጥ ነገር አለ። ምን እንዳለበትና መጠኑ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሴትየዋ ውጤቱን ስትጠብቅ ደሟ ያልቃል። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ እንክብላችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ አባቶችም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ ይላሉ። ጾም ላይ ያላችሁ ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር ብሉ፤ ሄሞግሎቢናችሁ እንዲህ የወረደ ከሆነ ስለ ጾሙ የንስሓ አባታችሁን አማክሩ።

ማሕፀን ማስወጣት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለትም አይደለም። ልጆቿን የጨረሰች፣ ሌላው ሕክምና ያልሠራላት ሴት አስባበትና ተረድታ ብትመርጠው ከሥቃይ ያሳርፋታል፤ ሴትነቷም አይጎድልም። የሚያሳዝነው ሳይነገራት ሲወሰንላት ነው።

ምላሽ (ጠያቂዋ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎቹን በደብተሬ ጽፌ ሌላ ስፔሻሊስት ዘንድ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። አልትራሳውንዱ እንደገና ሲታይ ሁለቱ በግድግዳው ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ያደገ ሆኖ ተገኘ፤ ትልቁ ክፍተቱን በጥቂቱ ይጫነዋል እንጂ አልገባበትም። ሐኪሟ ማዮመክቶሚ ይቻላል አለችኝ። እንክብሉን በብርቱካን እየወሰድኩ፣ ቡናዬን ወደ አሥር ሰዓት አዛውሬ፣ በደም ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ እየጨመርኩ ሄሞግሎቢኔ ባለፈው ሰኞ 10.4 ሆነ። የአፈሩ አምሮት ጠፍቷል፤ ትናንት ሲዘንብ በመስኮት ቆሜ ሸተትኩት፤ ምራቄ አልመጣም። ቀጠሮዬ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ እናቴ ከጎጃም መጥታ ሁለት ወር ትቀመጣለች፤ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ ደም ይሰጣሉ። ሐኪሟ የስምምነት ወረቀቱን ቀድማ ሰጥታኝ ቤት ወስጄ እያነበብኩት ነው፤ ያልገባኝን በእርሳስ አስምሬበታለሁ።