ፍሪጁ በጋዝ እየበራ ይጠፋል፣ ባትሪው ግን ደህና ነው። እባካችሁ ቶሎ!

መንገደኛው፦ ሰላም ቤተሰብ። የካምፐር መኪናችን ፍሪጅ ከትናንት ማታ ጀምሮ አስቸግሮናል። በጋዝ ሳደርገው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ይነድና ድርግም ይላል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ቀይ መብራት ያበራል። መብራት መስመር ላይ ስሰካው ግን ምንም አይልም፣ ይሠራል። አሁን ያለነው መስመር የሌለበት ቦታ ነው። ጋዝ ሞልቷል፣ ምድጃው ይነዳል። ፊውዝ አይቻለሁ። ባትሪውም ደህና ነው፣ የውስጥ መብራቶች ሁሉ ይበራሉ። የልጆች ወተትና ሥጋ አለበት። ምን ላድርግ?

ሽቦ ወዳድ፦ ፊውዙን ቀይረው።

መንገደኛው፦ አይቻለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ። ደህና ነው።

የድሮ ሹፌር፦ ልጄ፣ ስትጠይቁ መጀመሪያ የፍሪጁን ዓይነት ተናገሩ። ኮምፕረሰር ያለው አለ፣ በሙቀት የሚያቀዘቅዝ አለ። ያንተ ሁለተኛው ነው። አሞኒያና ውሃ በቱቦ ውስጥ ይዞርበታል፤ የሚያሞቀው የጋዝ እሳት ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ስለዚህ መኪናው ዘምሞ ከቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ጋዝ እምቢ አለ ብለህ በ12 ቮልት ማሞቂያ እንዳታሳድረው። የብዙዎቹ ማሞቂያ ከ10 አምፔር በላይ ይስባል። ሞተር ሳይነሳ ከሆነ ባትሪህን ባዶ አድርጎት ያድራል።

መንገደኛው፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። መኪናው ግን ሜዳ ላይ ነው የቆመው።

ሳቂታው፦ ሥጋውን ዛሬውኑ ጥበሱት፣ ግማሹ ችግር ተፈታ 😄

ቴስተር በእጄ፦ ባትሪው ደህና መሆኑን በመብራት አይታወቅም። ኤልኢዲ መብራት ባትሪው ሲደክምም ይበራል። በጋዝ ሲሠራም ፍሪጁ 12 ቮልት ይፈልጋል። ቦርዱ (ፍሪጁን የሚያዘው ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) የሚነሳው፣ የጋዙ ቫልቭም (ጋዙን የሚከፍተውና የሚዘጋው) ተከፍቶ የሚቆየው በእሱ ነው። ቮልቱ ከወረደ ቫልቩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይጠፋል። መስመር ላይ ስትሰካው ቻርጀሩ ከ13 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ ችግሩ ይሸፈናል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለህ ሁለት ቦታ ለካ፦ ባትሪው ራስ ላይና ፍሪጁ ጀርባ ሽቦው የሚገባበት። ፍሪጁ ጠቅ ጠቅ እያለ ነው የምትለካው። ጠፍቶ ከለካኸው ያታልልሃል።

ሽቦ ወዳድ፦ ከቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ፊውዝ ማለቴ ነው። ቀይራት።

ቴስተር በእጄ፦ እሷ ብትቃጠል ኖሮ ፍሪጁ ጭራሽ አይነሳም ነበር። የእሱ ይነሳል።

መንገደኛው፦ ለካሁ! ባትሪው ላይ 12.4፣ ፍሪጁ ጀርባ 10.1።

ቴስተር በእጄ፦ በቃ፣ ባትሪህ ጥፋት የለበትም፣ በዚህ አንተ ልክ ነህ። ከ2 ቮልት በላይ ሽቦው መንገድ ላይ ቀልጧል። አሁን የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፍሪጁ ኔጋቲቭ ላይ አድርግ፣ አሁንም ፍሪጁ እየሞከረ። ዜሮ አካባቢ ካሳየህ ኔጋቲቩ ጤነኛ ነው፣ ፖዘቲቩን እንዲሁ ለካ። 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየህ ግን ጥፋቱ እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የታሰረችው ብሎን ናት። ዝገት ወይም አረንጓዴ ዱቄት ትይዛለች። ጋዙን ዝጋ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ ብሎኗን አውጥተህ ብረቱ እስኪያበራ በአሸዋ ወረቀት ፋቃት። ከዚያ ጥብቅ አድርገህ እሰር።

የድሮ ሹፌር፦ እኔ ግን ባትሪውን አላምነውም። 12.4 ሙሉ አይደለም። የተሞላ የአሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል።

ቴስተር በእጄ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሙሉ አይደለም። ይህን ፍሪጅ በጋዝ ለማሠራት ግን ይበቃል። ሽቦው ይቅደም።

እናት በመንገድ፦ ወንድሜ፣ እስከዚያው በሩን አትክፈቱት። ተዘግቶ ከቆየ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ወተትና ሥጋው ከ4 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ለልጆች አትስጡ። ሽታው ደህና ቢመስልም አትመኑት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከሆነ እኔ ብሆን እጥለው ነበር።

መንገደኛው፦ እሺ እህቴ፣ ይጣላል። ኔጋቲቩ 2.1 አሳየ! ቁልፍ ይዤ መኪናው ሥር እየገባሁ ነው።

ካምፐር ጀማሪ፦ ምን ላይ ደረስክ? የኔም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ብሎኗ የት አካባቢ ነበረች?