9ኛ ክፍል የገባ ልጄን በሒሳብና በንባብ እንዴት ልርዳው? እኔ እንግሊዝኛ አልችልም

የሳቢያን እናት፦
ሰላም የድሬ ልጆች። የምር ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ገባ። ታች ክፍል እያለ ጎበዝ ነበር፣ ሚኒስትሪንም በጥሩ ነጥብ ነው ያለፈው። አሁን የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ሒሳብ 47፣ እንግሊዝኛ 51። ፊዚክሱን አልነግራችሁም። ስጠይቀው «ገብቶኛል» ይላል፣ ደብተሩ ላይ ያለው ግን ከሰሌዳ የገለበጠው ብቻ ነው። እኔ ከ7ኛ ነው ያቋረጥኩት። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ፣ ቤት የምገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። አባቱ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። አስጠኚ እንዳልቀጥር ገንዘቡ ከበደኝ፣ ደግሞ ጎረቤቴ ለልጇ ቀጥራ ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ የቤት ሥራዋን ሲሠራላት ከረመ፣ ልጅቷ ግን እዚያው ናት። እና እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ሳላነብ ምን ልረዳው እችላለሁ? «ቁጭ በልና አጥና» ከማለት ሌላ ማለቴ ነው። እሱንማ በየቀኑ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

አቦ ተዉን፦
ስልኩን ቀሚው። ሌላ ምንም የለውም። በ2014 የ12ኛ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ረሳችሁ? ይሄ ሁሉ የቲክቶክ ጣጣ ነው።

ጠመኔ፦
እህቴ፣ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስልኩን ለመቀማት አትቸኩይ፣ ብዙ ልጆች መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርደው ከስልክ ላይ ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ የልጁ ችግር የቱ እንደሆነ እንለይ፣ ሒሳቡ ነው ያቃተው ወይስ ጥያቄውን ማንበብ? 9ኛ ላይ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንና እነዚህ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ካርዱ ላይ «ሒሳብ 47» ብሎ ይመጣል፣ የወደቀው ግን ንባቡ ሊሆን ይችላል።

ይሄን በአማርኛ ጠይቂው። 500 ብር ይዘሃል፣ ቢያንስ 80 ብር ለትራንስፖርት ማስቀረት አለብህ፣ አንዱ ደብተር 60 ብር ነው፣ ቢበዛ ስንት ደብተር ትገዛለህ? 7 ካለሽ ሒሳቡ ደህና ነው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ በኢንኢኳሊቲ፣ ማለትም በ«ይበልጣል» «ያንሳል» ምልክት ይጻፈው። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት፣ «አት ሊስት» ሲባል ሊስት የምትለዋን ይሰሙና ትንሽ ማለት መስሏቸው ምልክቱን ገልብጠው ይጽፉታል። ቢያንስ ማለት እኮ 80 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስንቱን ልጅ በዚህች ቃል ብቻ ነጥብ ቀንሼበታለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

በአማርኛም ካቃተው ግን ቀዳዳው ከታች ክፍል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ሞክሪ። ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ይሆናል በይው፣ 1/2 + 1/3። 2/5 ካለ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ እየደመረ ነው። ሁለተኛው፣ -3 - 5። መልሱ -8 ነው። 2 ወይም 8 ካለ ኔጌቲቭ ቁጥር አልገባውም። ይሄን በዱቤ አስረጂው፣ ሱቅ 3 ብር ዕዳ አለብህ፣ ሌላ የ5 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰድክ፣ ስንት አለብህ? እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ የ9ኛን ኢኩዌዥን ማስጠናት ከንቱ ድካም ነው፣ አስጠኚም ብትቀጥሪ ያው ነው። ድሮ 10ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ስለነበረ ክፍተቱ ቶሎ ይታይ ነበር። አሁን እሱ ቀርቷል፣ ልጁ እየተጎተተ 12ኛ ድረስ ይደርስልሻል።

እና ካሁኑ ልንገርሽ፣ የ9ኛ ተማሪን «የ6ኛ መጽሐፍ አንብብ» ካልሽው ክብሩ ይነካል። ታናሽ እህት ካለችው «አስጠናት» በይው፣ በዚያው እሱም ይከልሰዋል።

የደንገጎ ሹፌር፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔም የማስጠናው በስልክ ነው፣ መኪና ላይ ስለሆንኩ። ለምሳሌ ሐረር ስደርስ ለልጄ ደውዬ «ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጭነት ይዤ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ቀስ ስላልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፣ በሰዓት በስንት እየነዳሁ ነበር?» እላታለሁ። ካልኩሌተር አይነካም፣ መጀመሪያ ግምት። በ30 ብነዳ 45 ኪሎ ሜትር ነው የምሄደው፣ አይደርስም። በ40 ብነዳ 60 ይሆናል፣ ያልፋል። ስለዚህ መሃል ነው። ወደ 37 ይጠጋል። ግምት የለመደ ልጅ ፈተና ላይ 370 የሚል መልስ ሲወጣለት ራሱ ይደነግጣል። የእኔዋ በፊት በሰዓት 370 የሚሄድ አይሱዙ ብትሠራ ቅር አይላትም ነበር።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ። ሴትዮዋ እኮ ታይዋን ነጋዴ ናት፣ ፐርሰንትን ከማናችንም በላይ ታውቃለች! በ800 የገዛሽውን ሱሪ 1,000 ብትሸጪው ትርፉ 25 በመቶ ነው። ከ1,000ው ላይ 20 በመቶ ብትቀንሺለት ደግሞ 800 ላይ ነሽ፣ ትርፍ የለሽም። ለምን 25 ጨምሮ 20 ሲቀነስ እኩል ሆነ? ልጁ ይሄን ያስረዳሽ። ቋንቋው አይገድም፣ እኛ ቤት ልጆች በሐረሪ ጀምረው በኦሮምኛ አድርገው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ ዋናው ሐሳቡ መግባቱ ነው። እንግሊዝኛው ላይ በኋላ ይመለሱበታል።

አንድ ነገር ግን ቅር ያለኝ፣ ሁሉም ስለ ሒሳብ ብቻ አወራ። ንባቡስ?

ፍሬሽ ማን፦
እሱን እኔ ልመልስ። እትዬ፣ እኔ 9ኛ ላይ እንደ ልጅዎ ነበርኩ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። እናቴም እንግሊዝኛ አታውቅም። ማታ ማታ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ከባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ «ምን ይላል?» ስትለኝ በአማርኛ እነግራታለሁ። «አልገባኝም፣ ሴል ስትል የባትሪ ድንጋይ ነው?» ትለኛለች። ስቀን እንሞታለን፣ ግን ሳስረዳት ነው ያልገባኝ ቦታ የሚታወቀኝ። በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ለካ ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም አይገባም ነበር፣ ድምፅ ብቻ ነበር። የእርስዎ ጥቅም ይሄ ነው፣ እውነትም ስለማይገባዎት ማስመሰል የለብዎትም።

ያላወቀውን ቃል ሁሉ እንዳያስፈልጉት፣ ይሰለቻል። ከገጹ አምስት ቃል ይበቃዋል፣ ግን እየተደጋገሙ የሚመጡትን። ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ ይጻፈው። ሰዓቱን ደግሞ ይምረጡ፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ማንም አይገባውም። እኔ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በረንዳ ነበር የምወጣው።

አቦ ተዉን፦
እሺ ስልኩ ይቆይ። ማታ ግን ከአልጋ ላይ ይነሳ፣ በዚህ አልከራከርም።

ጠመኔ፦
በዚህስ እስማማለሁ።

የሳቢያን እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትናንት ማታ ሞከርኩት። የደብተሩን ጥያቄ በአማርኛ ወዲያው 7 አለኝ። ደስ አለኝ። በእንግሊዝኛ ጻፈው ስለው ጋሼ እንዳሉት ምልክቱን ገለበጠው፣ እኔ አላወቅኩም፣ ታይዋን ጎረቤቴ የሆነ የኮሌጅ ተማሪ አለ፣ ጠዋት ለእሱ አሳይቼ ነው ያወቅኩት። ግማሽና ሲሶ ስለው ደግሞ 2/5 አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንጀራ አመጣሁና ግማሹን ቆረጥን፣ ከሌላ ሙሉ እንጀራ ደግሞ ሲሶውን ቆርጠን አጠገቡ አስቀመጥነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «2/5 እኮ ከግማሽም ያንሳል» ብሎ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ከስድስት ቆራርጦ 5/6 መሆኑን አሳየኝ። ታናሽ እህቱ 6ኛ ናት፣ መጽሐፏን «ላስጠናት ነው» ብሎ ወስዶታል። እኔ ዝም ብያለሁ። የባዮሎጂውን ንባብ ቅዳሜ እንጀምራለን፣ እሱ ያነባል፣ እኔ ሽሮ እሠራለሁ።