ኢንቴል አሁንም የደንበኛ ክብር ይገባዋል ወይስ በቃው?

ዝምተኛ ማራገቢያ፦

ወገኖቼ፣ ጥያቄዬ የቴክኒክ ብቻ አይደለምና ትንሽ ታገሡኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ሲገዛ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ቺፕ) ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ጽፌ የማቀርበው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ወረቀቱ ገና ሳይጻፍ ጠብ ተነሣበት። አለቃዬ «የምናውቀው ኢንቴል እያለ ሌላ ምን ፍለጋ ትዞራለህ?» ይሉኛል። ከጎኔ የሚቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ ደግሞ የኢንቴል ስም በተነሣ ቁጥር ይስቃል። «የሞተ ኩባንያ ነው፤ ለቀብሩ ገንዘብ አናዋጣም» አለኝ ትናንት። ሁለቱም አናደዱኝ። አለቃዬ የሚያዩት ቺፑን ሳይሆን ከ1991 ጀምሮ በየኮምፒውተሩ ፊት ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ነው። ልጁም ቢሆን ቺፑን አልመረመረም፤ ያነበበው የአክሲዮኑን ዋጋ ነው።

የሚስቁት ምክንያት አጥተው አይደለም። ኩባንያው በ2024 ወደ 18.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። በዚያው ዓመት ከ15,000 በላይ ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ፣ ለባለአክሲዮኖች ይከፍል የነበረውን የትርፍ ድርሻ አቆመ፣ በኖቬምበር ደግሞ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ከሚቆጠሩበት ከዳው ጆንስ የአክሲዮን ዝርዝር ወጥቶ ቦታውን ሌላው ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ ወሰደ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አሥር በመቶ ገደማ ድርሻ ገዛበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ይህ አያስገርመኝም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይህ በ1971 ለአንድ የጃፓን የሂሳብ ማሽን ሠሪ ብሎ 2,300 ትራንዚስተር ያለውን 4004 የሠራው ኩባንያ ነው። ዛሬ የምንጽፍባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች የሚናገሩት ቋንቋ በ1978 ከወጣው 8086 የተወረሰ ነው። ታዲያ ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን ከወሰደ በኋላ ለሠሪው ሌላ ዕዳ አለበት? ክብር ስል ፍቅር ማለቴ አይደለም፤ ውለታ መላሽ እንሁንም አላልሁም። የሚያወጣውን አዲስ ቺፕ ሳይስቁና ሳይሰግዱ መዝኖ ማየት ማለቴ ነው። ይህን ያህል እንኳ ይገባዋል ወይስ እርሱንም አጥቷል?


ቀይ ሽቦ፦

ይቅርታ አድርግልኝና ጥያቄው ራሱ አስቆጣኝ። ኢንቴል ተቀናቃኝ ባልነበረው ጊዜ ደንበኛውን እንዴት እንደያዘ ረሳኸው? ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው ዋናው ፕሮሰሰር ከ2007 እስከ 2017 ባለ አራት ኮር (ኮር ማለት በቺፑ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው) ሆኖ ቀረ። አሥር ዓመት! ተቀናቃኙ ኤኤምዲ በማርች 2017 ባለ ስምንት ኮሩን ራይዘን ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኢንቴልም ባለ ስድስት ኮር ይዞ ብቅ አለ። ከየት ድንገት ተገኘ? ሊሠራው ይችል ነበር፤ እንዲሠራ የሚያስገድደው አልነበረም እንጂ።

ያ ባለ ስድስት ኮር ራሱ የመሰኪያው እግር ቁጥር እንደቀድሞው 1151 ሆኖ ሳለ፣ በቀደመው ትውልድ ማዘርቦርድ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ አልሠራም አለ። ፕሮሰሰር መቀየር የፈለገ ሰው ማዘርቦርድም ጨምሮ ይግዛ ማለት ነው።

የገበያውን ነገር ደግሞ አንርሳ። በ2009 ከኤኤምዲ ጋር የነበረበትን ክስ ለመዝጋት 1.25 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኮሚሽን 1.06 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በጉልበቱ ዘመን ያላከበረኝን ስለደከመ የማከብርበት ምክንያት አይታየኝም። የአለቃህን ተለጣፊ ላጥና የሚረክሰውን ግዛ።


ሦስተኛ ፈረቃ፦

ቀይ ሽቦ፣ የአራት ኮሩን ነገር አልከራከርህም። ግን «ኢንቴል» ስትል አንድ ሰው የምትሰድብ ይመስላል። እኔ በሌሊት ፈረቃ ሰርቨር የምጠብቅ ሴት ነኝ፤ የማውቀው ኢንቴል ከአንተ ይለያል። አዲስ ቺፕ ለገበያ ከመውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት ብዙ ሰርቨር ለሚሠራበት ነጻ ሥርዓት ለሊኑክስ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ጽፈው የሚያስገቡ መሐንዲሶች ነበሩት፤ አሁንም አሉት፣ ቁጥራቸው ቢያንስም። የፕሮሰሰሮቹ መመሪያ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ሆኖ ለማንም በነጻ የተከፈተ ነው። ዩኤስቢን በ1996 ለዓለም ካወጡት መሐል ዋናው እርሱ ነው። እነዚህን ሰዎች ማክበር የኩባንያውን የሽያጭ ክፍል ማክበር አይደለም።

ስለ ውድቀቱም ብዙ ሰው «ተኝተው ነበር» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ኮር ሲቆጥቡ ተኝተው ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን ያጠፋቸው ተቃራኒው ነው። 10 ናኖሜትር በተባለው የቺፕ አመራረት ትውልድ ከቀድሞው 2.7 እጥፍ የሚበልጥ የትራንዚስተር ጥግግት በአንድ ጊዜ ሊዘሉ ፈለጉ። በጽንፈኛ አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያትመው ማሽን ገና አልደረሰም ነበርና፣ በአሮጌው ብርሃን አንዱን ንጣፍ በአራት ዙር እየከፋፈሉ ማተም ያዙ። በዚያ ላይ በመዳብ ቦታ በአንዳንድ ሽቦዎች ኮባልት አስገቡ። ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ደህና የሚወጣው ቺፕ እጅግ አነሰ። በ2018 ለስሙ ያህል የወጣው የመጀመሪያው ባለ 10 ናኖሜትር ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ያለውና የግራፊክስ ክፍሉ የተዘጋ ነበር! በብዛት መሸጥ የቻሉት በ2019 ነው። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይማ 14 ናኖሜትሩን እስከ 2021 ድረስ እየለጠጡ ኖሩበት።

ከሁሉ የሚያስቀው (ወይም የሚያስለቅሰው) በ2012 ያንን የብርሃን ማሽን እንዲሠራ ኤኤስኤምኤል በተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ላይ ገንዘብ ካፈሰሱት አንዱ፣ 15 በመቶ ድርሻም የገዛው፣ ራሱ ኢንቴል መሆኑ ነው። ማሽኑ ሲደርስ ግን የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ከኢንቴል ቀድሞ ተጠቀመበት። በ2024 የወጣው የኢንቴል ዋና የጠረጴዛ ፕሮሰሰር ኮሮቹ የታተሙት በዚሁ በቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ነው። ትዕቢት ካላችሁት እስማማለሁ። ስንፍና ነው ካላችሁ ግን አልሰማችሁም።


ዝምተኛ ማራገቢያ፦

ሦስተኛ ፈረቃ፣ አመሰግንሻለሁ፤ የኤኤስኤምኤሉን ነገር ለወጣቱ ባልደረባዬ አነብለታለሁ፤ ይሳቅ እስቲ።

ቀይ ሽቦ፣ ከጠቀስካቸው አንዱን ላርም። የ1.06 ቢሊዮኑን ቅጣት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2022 ሽሮታል፤ ኮሚሽኑ በ2023 እንደገና የቀጣው በ376 ሚሊዮን ዩሮ ነው። መሰደብ ያለበት ኩባንያ እንኳ በትክክለኛው ቁጥር ይሰደብ።

አሁን ወደ ራሴ ሐሳብ ልምጣ። ከእናንተ በፊት «የድሮው ኢንቴል እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙ አድክመውኛል። የሚሉት በኢንቴል 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ ስለደረሰው ነው። ላልተከታተለ ሰው ባጭሩ፦ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ በውስጣቸው የሰዓት ምልክት የሚያሰራጨውን ክፍል ቀስ በቀስ ይጎዱት ነበር። የተጎዳ አይመለስም። ብዙዎች መጀመሪያ ያዩት መልእክት «የቪዲዮ ሚሞሪ አልቋል» የሚል ነበርና የግራፊክስ ካርዳቸውን ሲወቅሱ ከረሙ። በኤፕሪል 2024 ጣት የተቀሰረው በማዘርቦርድ ሠሪዎች አሠራር ላይ ነበር። በጁላይ ኢንቴል ጥፋቱ በራሱ ማይክሮኮድ (ቺፑን ከውስጥ የሚመራው ትእዛዝ) ውስጥ መሆኑን አመነ። በኦገስት ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ሙሉ መንሥኤውን የገለጸው በሴፕቴምበር ነው።

እንግዲህ የድሮውን ኢንቴል እንመልከተው። 1994፣ ጉልበቱ ገና እየጨመረ ያለበት ዘመን። ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር ፔንቲየም አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። በቺፑ የማካፈያ ሠንጠረዥ ውስጥ ጥቂት ቦታዎች ባዶ ቀርተው ነበር። ኩባንያው ስሕተቱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ አልተናገረም። ነገሩ በኖቬምበር አደባባይ ሲወጣ፣ ስሕተቱ ለተራ ሰው ከቁጥር የሚገባ እንዳልሆነና የሚለወጥለትም እንደሚያስፈልገው ያስረዳ ብቻ መሆኑን ተናገረ። በራሱ ገንዘብ የገዛ ሰው ትክክለኛ ማካፈል እንደሚያስፈልገው ማስረጃ ያምጣ! አይቢኤም በዲሴምበር ፔንቲየም ያለባቸውን ኮምፒውተሮች መላክ አቆመ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ዲሴምበር 20 ቀን፣ ይቅርታ ተጠይቆ ለሁሉም እንዲለወጥ የተወሰነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መጀመሪያ ጥፋቱ የሌላ ነው ወይም ትንሽ ነው ይባላል፤ ሌሎች ማስረጃውን ይከምራሉ፤ በመጨረሻ ከበቂ በላይ ካሳ ይመጣል። በገናናነቱም በድካሙም ያው ጠባይ ነው። ስለዚህ ድካሙ ጥፋት ሆኖ አይቆጠርብኝም፤ የድሮው ገናናነትም ጽድቅ ሆኖ አይቆጠርለትም። አለቃዬ የሚያከብሩት ኢንቴል ያልነበረ ኢንቴል ነው። ልጁ የሚንቀውም እንደዚያው።

ቀይ ሽቦ «የሚረክሰውን ግዛ» ብለሃል። የሚረክሰው ለምን ረከሰ? ኤኤምዲ በ2020 መጨረሻ በፍጥነት ሲቀድም መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? የአዲሱን ትውልድ ዋጋ በ50 ዶላር ጨመረ። በዚያው ዓመት አዲሱን ፕሮሰሰር በቀድሞዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ አላስኬድም ብሎ፣ ሰው ሲጮህ በከፊል አሻሻለ። የመጀመሪያዎቹን ማዘርቦርዶች ይዘው የቆዩትን የፈቀደላቸው በ2022 ነው፤ ኢንቴል በኖቬምበር 2021 በ12ኛው ትውልድ ተመልሶ ከመጣበት በኋላ። የመሰኪያውን ክስ ለሁለቱም ማንበብ ይኖርብሃል።


ቀይ ሽቦ፦

የቅጣቱን እርማት ተቀብያለሁ። የ50 ዶላሩንም አስታውሳለሁ፤ አናዶኝ ነበር። ግን የጻፍከው እኮ ለእኔ ይመሰክራል። ሁለቱም ያው ከሆኑ ማንንም አላከብርም፤ ሁለቱ እንዲፋለሙ ብቻ ነው የምፈልገው። ለዚህ ደግሞ ኢንቴል በሕይወት ይኑር፤ ይህን ያህል መልካም ምኞት አልነፍገውም።


ሦስተኛ ፈረቃ፦

ምኞትህ ብቻ አያኖረውም፤ የሚገዛው ያስፈልገዋል። በአሪዞና ፋብሪካው 18ኤ ባለው አዲስ የቺፕ አመራረት ሂደት መሥራት ጀምሯል። የዚያን ውጤት በራሳችን ሥራ ፈትነን እንፍረድ። እኔ ሰርቨር ላይ ስም አልፈትንም፤ ዋት ነው የምቆጥረው። ባለፉት ዓመታት በዚያ ቆጠራ ኤኤምዲ በልጦ ነበር፤ የጥላቻም የፍቅርም ጉዳይ አይደለም።


ዝምተኛ ማራገቢያ፦

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የኩባንያ ስም አልጽፍም። የምንጠቀምባቸውን ሦስት ፕሮግራሞች፣ የሚፈጁትን የኤሌክትሪክ ኃይልና የዋስትናውን ዘመን ጽፌ ሁለቱም ይወዳደሩ እላለሁ። አለቃዬ ማኩረፋቸው አይቀርም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቀድሞ የተገዙ የ13ኛው ትውልድ ማሽኖች አሉን። እስካሁን ደህና ናቸው። ምን ላድርግባቸው?


ቀጭን ብየዳ፦

ክርክሩን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር፤ ይህ ግን የእኔ ሥራ ስለሆነ ልመልስ።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሮቹን ሞዴል መዝግብ። ችግሩ የሚመለከተው 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑትን የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ነው፤ የላፕቶፖቹን ኢንቴል ከዚህ ውጪ ናቸው ብሏል። ከዚያ የእያንዳንዱን ማዘርቦርድ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ከሠሪው ድረ ገጽ የቅርቡን አውርደህ አድስ፤ ዋናዎቹ የማይክሮኮድ እርማቶች በ2024 መጨረሻ ቢገቡም በ2025 ሌላ ተጨምሯል። ካደስክ በኋላ የኃይል ቅንብሩን ወደ ኢንቴል መደበኛ መልሰው፤ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ገደቡን ከፍተው ነው የሚመጡት።

ማደሱ ጉዳት ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይጠግንም። ስለዚህ ከባድ የተጨመቀ ፋይል ደጋግመህ ፍታበትና ስሕተት ይሰጥ እንደሆነ እይ፤ የታመመው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያጋልጠው እዚያ ላይ ነው። ስሕተት የሰጠውን ቶሎ ለዋስትና አቅርብ። ፕሮሰሰሩ በራሱ ካርቶን ተገዝቶ ከሆነ የምትጠይቀው ኢንቴልን ነው፤ ተገጣጥሞ ከመጣ ኮምፒውተር ጋር ከሆነ ግን የኮምፒውተሩን ሠሪ። ደረሰኞቹን ከወዲሁ ፈልገህ አስቀምጥ፤ መለያ ቁጥሩን ለማንበብ ማቀዝቀዣውን መንቀል ግድ ይሆንብሃልና የሙቀት ቅባትም አዘጋጅ።